ከማዕድ በኋላ የመጣ ሳቅ

አገሩን ለቆ የወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚናፍቀው ምግቡን ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ለምግብ ናፍቆት መላ አይጠፋለትም። በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ይመጣል፤ እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ይደርሳል፤ ቅቤ ካለህበት አገር ገዝተህ በኮሰረትና በኮረሪማ ታነጥራለህ። መላ የሚታጣለት የሳቅ ናፍቆት ነው። አንድ ሰው ነገር ጣል አድርጎ ቤቱ በሙሉ ባንዴ ሲስቅ መስማት፣ ወሬው ሳያልቅ መጨረሻው ገብቶህ ቀድመህ መሳቅ፣ ይህ በሻንጣ አይመጣም። እኔ ይህን ናፍቆት ያወቅኩት ስቶክሆልም ውስጥ፣ ከየአገሩ የተሰባሰብን ሰዎች ስዊድንኛ በምንማርበት ክፍል ነው። ሳቅ በሰው አገር እንደገና እንዴት እንደሚገኝ ያየሁትም እዚያው ነው። መንገዱ በማዕድ በኩል ነበር።

ስዊድን ለአዲስ መጤዎች በየማዘጋጃ ቤቱ በኩል በነጻ የምትሰጠው የቋንቋ ትምህርት አላት፤ ተማሪው ሁሉ በምኅጻሩ «ኤስ ኤፍ ኢ» ይለዋል። የእኛ ክፍል ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰማያዊው የምድር ባቡር መስመር ሪንከቢንና ተንስታን እያቋረጠ በሚሄድበት አካባቢ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2014 መጸው ነው። መንግሥት በ2013 ለሶርያውያን ስደተኞች ቋሚ መኖሪያ ለመስጠት ወስኖ ስለነበር በየጊዜው አዲስ ሰው ይገባል። በተከታዩ በ2015 ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 163 ሺህ ሰው በስዊድን ጥገኝነት ጠይቋል። የክፍሉ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ክፍል የምናመጣበት ጊዜ ነበር።

ከክፍሉ ሰዎች መካከል ዛሬም ፊታቸው የሚመጣብኝ ጥቂቶች ናቸው። ከጉራጌ አገር ወጥተው መርካቶ ያደጉ፣ ልጃቸው ዘንድ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እኛ ሐበሾቹ «እትዬ» ስንላቸው ሰምተው ሌሎቹም በዚያው ስም ይጠሯቸው ጀመር። አጠገባቸው የሚቀመጡት ከሞቃዲሾ የመጡ እናት «ኤዶ» ይባሉ ነበር፤ ሶማሊዎች አክስታቸውንና የአክስት ያህል የሚያከብሯትን ሴት የሚጠሩበት ነው። ከሺራዝ የመጣች ኢራናዊት ነበረች። ከሆምስ የመጣ፣ በትልቁ ልጁ ስም «አቡ» እየተባለ የሚጠራ የእኔ እኩያ ሶርያዊ ነበር። መምህራችን ከስዊድን ሰሜን፣ ከባሕሩ ዳርቻ የመጣች ሴት ስትሆን ሁላችንም በስሟ እንድንጠራት ትፈልግ ነበር። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አለቃውንም ሐኪሙንም አስተማሪውንም አንተና አንቺ ይላሉ። እትዬ ግን ይህ አልዋጥ ብሏቸው እስከ መጨረሻው «መምህርት» እንዳሏት ቀሩ።

የመጀመሪያው ችግራችን ከምግብም ከቀልድም በፊት የመጣው የግብዣ ነገር ነው። በእኛ ወግ የመጀመሪያው «ብሉ» ለወጉ ነው። «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይባላል፤ ጋባዥ «በሞቴ» ይላል፤ «ኧረ በቃኝ» ይባላል፤ «አፈር ስሆን» ሲባል ያኔ እጅ ይታጠባል። እሺ ለማለት ሁለት ሦስቴ መለመን የጋባዡም የተጋባዡም ክብር ነው። ኢራናውያን ዘንድ ይህ ነገር ከእኛም ይብሳል። ታሩፍ ይሉታል፤ ባለ ታክሲው እንኳ ሒሳብ ስትሰጠው «አይገባም፣ ይቅር» ይልሃል፤ ደግመህ ደጋግመህ ካልሰጠኸው አይቀበልም፤ አንተም መስጠትህን ትተህ እንድትሄድ አይጠብቅም። ስዊድኖች ግን የሚጠይቁት አንዴ ነው። ቡና ትፈልጋለህ? አልፈልግም ካልክ ቃልህን አምነው ቴርሞሱን ይከድኑታል። በዚያ የመጀመሪያ ወር እኔና ኢራናዊቷ ቡናው እያማረን፣ ከቀረፋው ዳቦ የሚወጣው ሽታ እየጠራን፣ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ብለን ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠብቅ የእረፍቱ ሰዓት ያልፍ ነበር።

መምህራችን ነገሩ ሲገባት ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። በእሷ አገር ሰውን ሁለቴ መለመን ቃሉን አለማመን ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ካልፈለገ መጫን እሱን ማስጨነቅ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2022፣ ስዊድኖች ልጃቸው ዘንድ ሊጫወት የመጣውን የጎረቤት ልጅ ራት ላይ ሳይጋብዙ ክፍል ውስጥ ያስጠብቁ ነበር የሚለው ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን ሲዞር ብዙ ሐበሻ ጉድ አለ። እኔ ግን የመምህራችን ቃል ትዝ አለኝ። ያ ቤተሰብ ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ የሌላውን እናት የራት ዕቅድ አላበላሽም፣ ሰውን ባለዕዳ አላደርግም ብሎ ነው። እኛ ሰውን የምናከብረው በመጫን ነው፤ እነሱ ባለመጫን ያከብራሉ። ይህን የተረዳ ሰው ስዊድንን ቀዝቃዛ አገር ብሎ አይደመድምም።

በዚያው መጸው ክፍሉ የመጀመሪያውን የጋራ ማዕድ አዘጋጀ። ስዊድኖች ሁሉም የየቤቱን ይዞ የሚመጣበት ግብዣ ይወዳሉ። መምህራችን ትንንሽ ወረቀት ቆርጣ ሰጠችንና በየሳህኑ ፊት ውስጡ ያለውን እንድንጽፍ አዘዘች፦ ሥጋ፣ አሳማ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ለውዝ። የወረቀቱ ጥቅም ወዲያው ታየ። የስዊድኖቹ የሥጋ ድብልብል ብዙ ጊዜ የላምና የአሳማ ቅልቅል ስለሆነ እሷ ካመጣችው ላይ ግማሹ ሰው አልነካም። ኤዶ ደግሞ አሳማ የሌለበትንም ሥጋ ማን ባረከው ብለው ይጠይቃሉ። በስዊድን ከብትን ሳያደነዝዙ ማረድ በሕግ የተከለከለው በ1937 ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሙስሊም ሥጋ የሚገዛው ከሚያምነው ልኳንዳ ብቻ ነው።

እትዬ ግን ወረቀትም ሕግም አላስፈለጋቸውም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ዕርድ በማይበላበት፣ ሰርግ ሲደገስ ሁለት ድንኳን ተጥሎ ሁለት ድስት በሚጣድበት አገር ያደጉ ናቸው። ቀኑም ረቡዕ ነበር። ይዘው የመጡት አንድ ሰፊ ትሪ የጾም በያይነቱ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ከዳር ዳር ደግሞ ከማሞቂያው ሥር ሁለት ቀን ካቦኩት ሊጥ የጋገሩት እንጀራ። ያን ቀን ከጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ መምህራችን፣ አቡ፣ ኤዶ፣ ኢራናዊቷም እኔም እኩል እጃችንን የሰደድንበት ያ ትሪ ብቻ ነበር። ጾም ሰውን ከማዕድ የሚለይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚያ ክፍል ሁሉን ያገናኘው የጾም ምግብ ነው።

ኤዶ በጠረጴዛው ማዶ ሩዛቸውን ከነሙዙ ዘርግተዋል። ሶማሊዎች ቅመም የገባበትን ሩዝና ሥጋ ሲበሉ ሙዝ አጠገቡ አይጠፋም፤ አንዴ ከሩዙ፣ አንዴ ከሙዙ ይባላል። በደቡብ ሶማሊያ፣ በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር፣ በጣልያን ዘመን የተስፋፋ ትልቅ የሙዝ እርሻ ነበር። እትዬ ሙዙን ቀና ብለው አዩና «ይሄ ከምግብ በኋላ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ኤዶ አማርኛ ባይሰሙም ዓይናቸውን አይተው ገባቸው፤ በእጃቸው ሥጋ ያልነካውን ሩዝ ጠቅልለው፣ ጫፉ ላይ ሙዝ ቆርጠው ጨምረው አቀረቡላቸው። እትዬ ጎረሱ፤ ዝም ብለው አላመጡ፤ ከዚያ ለራሳቸው ደገሙ። ኢራናዊቷ ደግሞ ድስቷን ገልብጣ ከታች የያዘውን ወርቅማ የሩዝ ቅርፊት እየሰበረች ለክብራችን አደለችን። ታህዲግ ነው፤ በቤታቸው ሰው የሚሻማበት። በእኛ ቤት ድስት የያዘ ነገር ከእንግዳ ይደበቃል እንጂ አይቀርብም።

በዚያ ቀን መምህራችን ከእትዬ ምስር ቀምሳ «መጥፎ አይደለም» አለች። አስተረጎሙኝ፤ ተረጎምኩ። ቅር አላቸው። ሽንኩርቱን ሌሊት ያለ ዘይት ሲያቁላሉ ያደሩ ሴት፣ ከዚህ የሚበልጥ ቃል ነበር የጠበቁት። «እጅሽን ይባርከው» እንጂ «መጥፎ አይደለም» ምን ዓይነት ምስጋና ነው? መምህራችን ግን ሦስት ጊዜ ተመልሳ ከትሪው አነሳች። የስዊድን ሰው፣ በተለይም የሰሜኑ፣ ነገር አያበዛም። አውሎ ነፋስ ዛፍ እየነቀለ «ትንሽ ነፋስ አለ» ይላል፤ በጣም የወደደውን «መጥፎ አይደለም» ይላል፤ ቀልዱም እዚያው ቁጥብነት ውስጥ ነው ያለው። የኛ ቀልድ በማግነን ይሠራል፤ የነሱ በማሳነስ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ዋሾ፣ ሌላው አንዱን ምስጋና ቢስ ቢያደርገው አይገርምም።

ይህ በደንብ የተገለጠልኝ በ2015 ጸደይ ነው። መምህራችን ለቋንቋ ልምምድ እያንዳንዳችን ካገራችን አንድ ቀልድ ተዘጋጅተን እንድንናገር አዘዘች። እሷ ጀመረች፤ ስለ ኖርዌያውያን ሞኝነት የሚነገር አንድ ቀልድ ነገረችን። ስዊድኖች ስለ ኖርዌይ ሰዎች፣ ኖርዌያውያን ስለ ስዊድን ሰዎች አንዱን ታሪክ ስም ብቻ ለውጠው ይነጋገሩታል። ማናችንም አልሳቅንም። ለእኛ ሁለቱም ጎረቤት፣ ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ሀብታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን የወንድማማች ፉክክር ከየት እናውቀዋለን? ቀጥሎ አቡ ስለ ሆምስ ሰዎች ተናገረ፤ እኔ ስለ አለቃ ገብረ ሐና ተናገርኩ። አለቃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ መሆናቸውን፣ ለቤተ ክርስቲያን ዝማሬ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ስልት ያወረሱ መሆናቸውን፣ በነገር አዋቂነታቸው ግን ከቤተ መንግሥት እስከ ገበያ የሚፈሩ መሆናቸውን ሳስረዳ ጊዜው አለቀ። ሁሉም በጨዋነት ፈገግ አለ። በጨዋነት ፈገግታና በሳቅ መካከል ያለውን ርቀት ያን ቀን ለካሁት።

ጸደዩ አልፎ ነሐሴ ሲጋመስ መምህራችን ወደ አንድ መናፈሻ ወሰደችንና የአገሯን የታወቀ ምግብ አስቀመሰችን፤ ሱርስትሮሚንግ የሚሉትን የኮመጠጠ ዓሣ። ከባልቲክ ባሕር የሚወጣ ትንሽ ዓሣ ነው። ጨው ውድ በነበረበት ዘመን በጥቂት ጨው ተዘፍዝፎ እንዲብላላ ይተው ነበር ይባላል፤ ዛሬም በነሐሴ ሦስተኛው ሐሙስ አዲሱ ይወጣል። ቆርቆሮው ከውስጡ ግፊት የተነሳ ያብጣል፤ ስለዚህ የሚከፈተው ደጅ፣ ብዙ ጊዜም ባልዲ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ሽታው ሲወጣ ግማሹ ክፍል ከነጫማው ወደ ዛፎቹ ሸሸ። እትዬ አልተነቃነቁም። መምህራችን በስስ ቂጣ ላይ ድንችና ሽንኩርት አድርጋ ስትጠቀልል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱ፤ ተቀብለውም ጎረሱ። «ቆጮም ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቶ ነው ለሰው የሚቀርበው» አሉኝ፤ «ሽታውን አልፎ የማይቀምስ ሰው የሰው አገር ምግብ አይበላም።» መምህራችን ይህን ስተረጉምላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእሷን የሰሜን ምግብ የስቶክሆልም ሰዎች ራሳቸው ይጸየፉባት ነበር።

ከዚያ መስቀል መጣ። እትዬ ቤታቸው ጠሩን። ለጉራጌ ልጅ መስቀል ያለ ሰው አይከበርም፤ አገር ቤት ቢሆን ወንዱ ሁሉ ካለበት ከተማ ወደ እናቱ ቤት የሚጎርፍበት ቀን ነው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር፤ ዘመዶቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ ክፍሉን ጠሩ። ቆጮው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ሻንጣ ተጠቅልሎ ደርሷል። ሥጋውን በማሽን አላስፈጩትም፤ ጅማቱን አንድ በአንድ አውጥተው፣ በሹል ቢላ መክተፊያ ላይ ሲከትፉት እያየን አረፈድን። ቅቤው ለብ እንዲል ብቻ ተደርጎ፣ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ገብቶ፣ አይብና ጎመኑ በጎን ተቀመጠ። ከሁሉ የነካኝ ግን ጣባው ሁለት መሆኑ ነው። በዋዜማው አቡን ከሚያምነው ልኳንዳ ሥጋ እንዲገዛ ገንዘብ ሰጥተው ልከውት ነበር፤ ያንን በሌላ መክተፊያ፣ በሌላ ቢላ ከትፈው ለብቻው አቀረቡ። ለማንም ምንም አላስረዱም። ኤዶ ጣባውን፣ ቢላውን፣ አቡን አዩና «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እኔ የፈራሁት የጥሬ ሥጋውን ነገር ነበር። ስዊድናዊት መምህርት ጥሬ ሥጋ ፊት ተቀምጣ ምን ትላለች? እሷ ግን ምንም ሳትል ጎረሰች። ስዊድኖች በእንቁላል አስኳል፣ በሽንኩርትና በቀይ ሥር የሚበሉት የተከተፈ ጥሬ ሥጋ አላቸው፤ ከልጅነቷ ስትበላው ነው ያደገችው። አቡ ደግሞ ከዓይኑ ብልጭ ያለ ነገር ወጣ፤ «ይሄማ የእናቴ ክቤ ናየ ነው!» አለ። ሶርያና ሊባኖስ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ከስንዴ ክክ ጋር ተለውሶ፣ የወይራ ዘይት ፈስሶበት፣ ከአዝሙድና ከናና ጋር ይበላል። ሦስት ሰዎች ከሦስት ማዕዘን መጥተው አንድ ማዕድ ላይ ተገናኙ። እትዬ ዙሪያውን አዩና በተማሩት ስዊድንኛ፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየለዩ «ለካ ዓለም ሁሉ ጉራጌ ነው!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኢራናዊቷ ክትፎዋን ለብ ለብ አድርጉልኝ ብላ ጓዳ የነበረች፣ ማንኪያ ይዛ ሳቅ እያነቃት ወጣች። በዚያ ክፍል አንድ ቀልድ ለሁላችን ባንዴ ሲገባን የመጀመሪያው ነው። ለማንም አልተብራራም። ጉራጌ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ገና አሁን በእጁ ጎርሶ አውቆታል፤ የእትዬን ኩራት አይቷል፤ ሁለቱን ጣባ አይቷል። ቀልዱ የሚጠይቀው እውቀት ሁሉ ትሪው ላይ ቀርቦ ነበር። እትዬ በዚያው ሞቅታ ለመምህራችን አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት፤ ያቺ ሰውን ሁለቴ የማትጠይቅ ሴት አፏን ከፍታ ተቀበለች፤ ሁለተኛውንም አልመለሰችም።

ቡናው ሲፈላ፣ አቦሉ ወጥቶ ቶናው ሲደርስ፣ በጸደይ ክፍል ውስጥ የሞቱት ቀልዶች አንድ በአንድ ተነሱ። በአለቃ ስም ከሚነገሩት አንዱን መረጥኩ። አለቃ አህያ የሚነዱ ሴቶች መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ፣ የአህዮች እናቶች?» ቢሏቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን!» ብለው መለሱላቸው። ሁሉም ሳቀ። አቡ ወዲያው የዐረብ ቀልዶች ዋና ሰው የሆነውን ጁሃን አነሳ፤ ጁሃ አህዮቹን ሲቆጥር የተቀመጠባትን እየረሳ አንድ ትጎድለዋለች፤ ወርዶ ሲቆጥር ትሞላለች፤ በመጨረሻ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል ብሎ ወረደ። ኢራናዊቷ «እሱማ የእኛ ሙላ ነስረዲን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ዐረቡ ጁሃ፣ ፋርሱ ሙላ፣ ቱርኩ ሆጃ የሚለው ሰው አንድ ገበታ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። በ2022 ዩኔስኮ የነስረዲን ሆጃን ተረት የመናገር ባህል በሰባት አገሮች ስም በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ኤዶ በመጨረሻ ስለ ኢጋል ሺዳድ ነገሩን፤ በፈሪነቱ ሶማሊ ሁሉ ስለሚያውቀው ሰው። ኢጋል በጨለማ ጉቶ አይቶ አንበሳ መሰለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ከብቴን ውሰድ እኔን ተወኝ እያለ ሲለምን አደረ። ነግቶ ጉቶ መሆኑን ሲያይ «ዛሬ ጉቶ ነህ፤ ግን አንተን የሚመስል ክፉ ነገር ሊኖር ስለሚችል አንተንም መፍራቴን አልተውም» አለው። እዚያ ቤት ውስጥ ከጦርነት ያልሸሸ ሰው ጥቂት ነበር። ያን ታሪክ የሰማነው በጆሮ ብቻ አልነበረም፤ የበር መንኳኳት፣ የሄሊኮፕተር ድምፅ የሚያስደነግጣቸው ሰዎች በራሳቸው እየሳቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመምህራችንም ቀልድ ገባን። በሌላ ማዕድ ኤዶ ሙዛቸውን ሲልጡ አይታ «እኛም ሙዝ ለመላጥ ነው ኖርዌይ የምንሄደው» አለች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኖርዌይ በሰሜን ባሕር ነዳጅ አግኝታ ስትበለጽግ፣ ሞኝ ይባል የነበረው ጎረቤት ደመወዝ ከፋይ ሆነ፤ ወጣት ስዊድናውያን ድንበር ተሻግረው በፋብሪካ ሙዝ እስከ መላጥ ሠሩ። አሁን ተራው የኖርዌያውያን ነው፤ የሚስቁት እነሱ ናቸው። ይህን የሰማ እንደ እኛ ያለ የስደት ሠራተኛ ቀልዱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሀብት ቦታውን ሲቀይር ቀልድም አቅጣጫውን ይቀይራል።

አቡ ስለ ሆምስ ብዙ ይነግረን ነበር። ሶርያውያን ሁሉ የሚያላግጡባት ከተማ ናት፤ ረቡዕ የሆምሶች የቂልነት ቀን ነው ይባላል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የወራሪው የታሜርላን ጦር ሊመጣ ሲል የከተማዋ ሰዎች በረቡዕ ቀን እብድ መስለው ወጡ፤ ጦረኛውም በእብዶች ላይ ሰይፍ አልመዝም ብሎ አለፋቸው። አቡ ይህን በኩራት ነው የሚናገረው፤ ሆምስ በሳቅ የዳነች ከተማ ናት ይላል። በዘመናችን ግን ሳቅ አላዳናትም። አሮጌው ከተማ ለዓመታት ተከቦ ተደብድቦ በግንቦት 2014 የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች ሲወጡ የቀረው ፍርስራሽ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ የገባ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ተማሪ አቡ የሆምስ ሰው መሆኑን ሲሰማ ወዲያው አንድ የሆምስ ቀልድ ወረወረ። አቡ ራሱ ደጋግሞ የነገረን ቀልድ ነው። አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ፤ ደብተሩን ሰበሰበ። ያው ቃል፣ ያው ታሪክ ነው፤ የተለየው ተናጋሪው ነው። ይህ ሰው አብሮት አልበላም፤ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር፣ ማን እንደሞተበት አያውቅም። ነገሩን ያዳኑት እትዬ ናቸው። በእረፍት ሰዓት ዳቦ ቆርሰው በሁለቱ መካከል አስቀመጡና ለአዲሱ ተማሪ «መጀመሪያ ብላ» አሉት። ልጁ አልገባውም፤ ግን በላ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ አንድ የጋራ ማዕድ ላይ፣ ያንኑ ቀልድ ራሱ አቡ ለልጁ ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ይህን ሳስብ ሐሳቤ ወደ አገሬ ይሄዳል። እኛም ስለ ጉራጌው ንግድ፣ ስለ ጎጃሜው ቅኔ፣ ስለ ሐረር ልጅ ግዴለሽነት ስንቀልድ ነው ያደግነው። ያ ቀልድ የማያቆስለው ተቀላላጆቹ አንድ እድር ውስጥ ስለነበሩ፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ስለሚጠጡ፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ ስለሚያነሳ ነው። ዛሬ ያው ቀልድ አብረው በልተው በማያውቁ ሰዎች መካከል በስልክ ይወረወራል፤ ከሳቅም ይልቅ ቂም ያተርፋል። ቀልዱ አልተለወጠም፤ ማዕዱ ነው ከሥሩ የተነሳው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ቀልድን መከልከል አይመስለኝም። ማዕዱን መመለስ ነው።

እዚህ ውጭ የተወለዱ ልጆቻችን የስዊድኖቹን ቁጥብ ቀልድ እንደ እናት ቋንቋ ያውቁታል፤ የአለቃ ገብረ ሐና ግን እንግዳ ነው ለእነሱ። ለልጄ አለቃን በመጽሐፍ ለማስተማር አልሞክርም። መስቀል ሲመጣ ሰው ጠርቼ፣ ክትፎ ቀርቦ፣ ቡናው ሲፈላ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ይገባዋል።

በሰው አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ጎረቤታችሁን አንድ ቀን ጥሩት። ስዊድናዊ ከሆነ አንዴ ጠይቁትና መልሱን እመኑት፤ ኢራናዊ ወይም ሐበሻ ከሆነ ሁለቴም ሦስቴም ለምኑት። ሥጋ የሚገዛበትን ልኳንዳ ጠይቁ፤ ካላወቃችሁ የጾም ምግብ አቅርቡ፤ ከሁሉ ጋር ይስማማል። የሱን አገር ምግብ ሲያመጣላችሁ ሽታውን አልፋችሁ ቅመሱ። ከበላችሁ በኋላ በአገሩ ሰው በምን እንደሚስቅ ጠይቁትና ዝም ብላችሁ ስሙት። ስለ እሱ ወገን የምታውቁትን ቀልድ ግን እሱ ራሱ እስኪነግራችሁ ድረስ አቆዩት። ማዕዱ ይቅደም፤ ሳቁ ተከትሎ ይመጣል።